የቅዳሜው የግጥም ጠረጴዛ፣ ደሴ፦ ሻዩ ጥሩ፣ ወንበሩ መጥፎ፣ ግጥሙ የሚያስመሽ

ወንበሩን ላስቀድም፤ ኋላ ስለ ግጥሙ ማውራት ከጀመርኩ ቅሬታዬ ይዋጣል። ደሴ ፒያሳ አጠገብ አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጥና የሚያከራይ አንድ ቤት አለ። ቅዳሜ ከሰዓት ግጥም ሊያስነብበን ሲሰበስበን የሚያስቀምጠን ዱካ ላይ ነው። መደገፊያ የለውም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ወገብ ራሱ ሙሾ ያወርዳል። እኔ ኮምቦልቻ አንድ መጋዘን ውስጥ ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ሳምንቱን ሙሉ ተቀምጬ ነው የምውለው። ቅዳሜ ደግሞ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ፣ ጭጋጉን አልፌ፣ ሌላ ሁለት ሰዓት ተኩል ዱካ ላይ። ስምንት ቅዳሜ እንዲህ ሆንኩ። አንድም ቀን አልቀረሁም። ይኼው ነው ምስክርነቴ።

ዝርዝሩን ግን ልንገራችሁ፤ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ «ምን አለ እዛ?» እያሉ ነዝንዘውኛል።

የቤቱን ስም አልጽፍም። ባለቤቱ ገና ወጣት ልጅ ነው። ስለ ቤቱ ልጽፍ ነው ስለው «እታለም፣ ሰው ከበዛ ዱካ ከየት አመጣለሁ?» አለኝ። ግድ የላችሁም፣ ፒያሳ ወርዳችሁ «ግጥም የሚነበብበት ቤት» ካላችሁ የባጃጅ ልጆቹ ያደርሷችኋል። በሩ ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፦ «ሥልጣንና ጦርነት በግጥም፤ ስምንት ቅዳሜ»። ክፍያው ለአንድ ቀን 100 ብር ነው። ሙሉውን በአንዴ ከከፈላችሁ 700። በዚህ ውስጥ ሁለት ብርጭቆ ቅመም ሻይና የዕለቱ ግጥሞች ፎቶ ኮፒ ይካተታል። ቅመሙ አይሰሰትም፤ ቅርንፉዱ ጉሮሮ ድረስ ይሰማል። ለደሴ ብርድ እንዲህ ያለ ሻይ ነው የሚያስፈልገው። ስለ ፎቶ ኮፒው ግን በኋላ እመለሳለሁ፤ እሱ የራሱ ታሪክ አለው።

የሚያስነብቡን ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው። ሁሉም «ቲቸር» ነው የሚላቸው፤ ልጆቹም፣ አዛውንቶቹም። ድምፃቸው ቀስ ያለ ነው፤ ኋላ የተቀመጠ ሰው ጆሮውን ማቅናት አለበት። እኔ የጠበቅኩት እንደ ሌላው የግጥም ምሽት ነበር፦ ማሲንቆ፣ ጭብጨባ፣ ስለ ፍቅር የሚያለቅስ ወንድ። እዚህ እሱ የለም። አንድ ግጥም ወይም ሁለት ግጥም ይነበባል፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት ሙሉ እሱ ላይ ክርክር ነው። አሥራ አንድ ሰው ነበርን።

የመጀመሪያው ቀን ቲቸር እንዲህ አሉ፦ «የ2014ቱን ስምንተኛው ቅዳሜ ላይ እናነሳዋለን። እስከዚያ የሌላውን ሰው ጦርነት እናንብብ።» ማንም አልተቃወመም። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ የ2014 ጥቅምትና ኅዳር ምን እንደነበር ለማንም አይነገርም። ያንን ቀን አስቀድመው ቢያነሱት ኖሮ ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ ግማሻችን አንመጣም ነበር ብዬ አስባለሁ።

ከመቅደላ ጀመርን። ሁላችሁም የምታውቋት ስንኝ ናት፤ ገጣሚዋ ወይም ገጣሚው ማን እንደሆነ የማይታወቅ የሕዝብ ግጥም፦

መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸት በረከተ፣
የሴቱን አናውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ።

እኔ ይችን ስንኝ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ። ትምህርት ቤት በቃል ወጥቼባታለሁ። አንድም ቀን ግን አስቤባት አላውቅም። ቲቸር ቀለል አድርገው ጠየቁ፦ «ማን ነው የተመሰገነው? ማን ነው የተሰደበው?» አንዱ ቶሎ ብሎ «አፄ ቴዎድሮስ ተመሰገኑ፣ እንግሊዝ ተሰደበ» አለ። ቲቸር ዝም አሉ። ዝም ሲሉ መልሱ አልተጣለም ማለት አይደለም፤ ተጥሏል።

ደጋግመን ስናነባት እንግሊዝ የሚባል ስንኟ ውስጥ የለም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ንጉሡ ከእንግሊዝ ንግሥት በስጦታ በመጣላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ሲያጠፉ፣ አፋፉ ላይ የነበረው የአገር ሰው ነው። «ወንድ አንድ ሰው» ከተባለ ሌላው ወንድ ምን ሆነ? ትተዋቸው የሄዱት ሁሉ በግማሽ መስመር ተሰደቡ። ስድቡ ደግሞ ለቅሶ ለብሶ ስለመጣ ማንም ተነስቶ «እኔን ነው?» ሊል አይችልም። ቢል ራሱን አጋለጠ። ይህን ሳይ ወገቤን ረሳሁት።

ከዚያ ቲቸር ሌላውን ጎን ገለጡት። ንጉሡ ወሎን ለዓመታት በዘመቻ ያስጨነቁ ናቸው፤ ከመሞታቸው ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ እዚያው መቅደላ ላይ እስረኞችን ገደል አስወርውረዋል። «እንግዲህ ለእኚህ ሰው ወሎዬው ለምን አለቀሰ?» ፊት ለፊቴ የተቀመጡ ሸማኔ አባት መለሱ፦ «ያለቀሰው ለሳቸው አይደለም፤ ቀሪውን አይቶ ነው።» በቃ፣ የዕለቱን 100 ብሬን ያኔ አስመለስኩ።

እኔ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። «የሴቱን አናውቅም» ምን ማለት ነው? ለምን አናውቅም? አፋፉ ላይ ሴቶች ነበሩ፤ የንጉሡ ሚስት እንኳን ነበሩ። ጩኸቱን ያበረከተው ማን ሆነና? እጄን አውጥቼ ጠየቅኩ። አንድ ሰውዬ «ለቤት እንዲመታ ነው» አለኝ። ሳቁ። ቲቸር አልሳቁም። «ጥያቄሽን ያዢው» አሉኝ። ያዝኩት። ስለ እሱም እመለሳለሁ።

ሦስተኛው ቅዳሜ የፎቶ ኮፒው ቀን ነው። የሚነበበው የእንግሊዛዊው ሼሊ ግጥም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1818 የታተመ፣ አሥራ አራት መስመር። አንድ መንገደኛ በረሃ ውስጥ የተሰበረ ሐውልት አይቶ መጥቶ ይናገራል። ሁለት ትልልቅ የድንጋይ እግሮች ቆመዋል፣ ፊቱ አሸዋ ውስጥ ተቀብሯል፣ ከንፈሩ ላይ የአዛዥ ኩራት አለ። ሥሩ ላይ ደግሞ ንጉሡ ያስጻፈው ቃል አለ፦ እኔ የነገሥታት ንጉሥ ነኝ፣ ኃያላን ሥራዬን አይታችሁ ተስፋ ቁረጡ የሚል። ሰውየው የግብፁ ዳግማዊ ራምሴስ ነው። ቲቸር በራሳቸው እጅ ወደ አማርኛ መልሰውታል። የፎቶ ኮፒ ማሽኑ ግን የገጹን ግርጌ በልቶታል። የመጨረሻዎቹ መስመሮች የሉም።

አሥራ አንዳችንም ግጥሙ «ተስፋ ቁረጡ» ላይ የሚያልቅ መስሎን ተከራከርን። አንዷ «እንዴ! ይህማ ውዳሴ ነው፤ ገጣሚው ንጉሡን አድንቆ ነው የጨረሰው» አለች። ሸማኔው አባት «ቀረርቶ ነው» አሉ። ሃያ ደቂቃ ያህል ሼሊን የቤተ መንግሥት አጫፋሪ አድርገን ወቀስነው። ቲቸር ወረቀታቸውን ከኛ ጋር ሲያስተያዩ ገባቸው። ሳቃቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ የቀረውን በቃላቸው አሉት፦ ከዚያ ቃል በኋላ ምንም የለም፤ በፍርስራሹ ዙሪያ እስከ ዓይን ጥግ ባዶ አሸዋ ብቻ።

ቤቱ ፀጥ አለ። ግጥሙ እኛው ላይ ተፈጸመ ማለት ነው። ማሽኑ ባይበላው ኖሮ ይህን ያህል አይገባኝም ነበር። ቢሆንም ባለቤቱን እመክራለሁ፦ ማሽኑን አሠራ። ሁሌ እንዲህ አይሳካም።

የዚያ ቀን ክርክር ግን እዚህ ላይ አላቆመም። ቲቸር እንደነገሩን ሼሊ ያንን ሲጽፍ የራምሴስ ሐውልት ራስ ከግብፅ ወደ ለንደን፣ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም እየተጓዘ ነው የሚል ወሬ ነበር። አስቡት እንግዲህ። ገጣሚው «ጉልበት አሸዋ ይሆናል» ይላል፤ የሱ አገር ጉልበት ደግሞ ያንኑ ድንጋይ በመርከብ ጭኖ እየወሰደ ነው። ከ1818 እስከ መቅደላ ልክ ሃምሳ ዓመት ነው። እንግሊዞቹ ከመቅደላ የዘረፉትን በ15 ዝሆንና 200 በሚጠጋ በቅሎ ጭነው ወርደዋል። እዚችው ደላንታ ሜዳ ላይ ሐራጅ አውጥተው ተሻምተውታል። የዚያው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰውም ከሠራዊቱ ጋር ነበር። ደላንታ የእኛ ጤፍ የሚመጣበት አገር ነው፤ መጋዘናችን በር ላይ የደላንታ ነጋዴ በየሳምንቱ ይቆማል። ከዚያ ወዲህ ሲያዩኝ ስለ ዝሆን እጠይቃቸዋለሁ።

አሁን ወደ ቅሬታ። አራተኛው ቅዳሜ ስለ ፉከራና ስለ ሽለላ ነበር። ከተሳታፊዎቹ አንዱ ነጋዴ፣ ዱላ ይዞ መጥቶ ተነሳ። ድምፁ ማለፊያ ነው፤ አይዋሽም። የመጀመሪያው አምስት ደቂቃ ፀጉሬ ቆመ። ነገር ግን አርባ ደቂቃ ፎከረ! አርባ! ማንም አላስቆመውም፤ ቲቸርም ጭምር። ሲጨርስ ጭብጨባ፣ ሻይ፣ እንደገና አንድ ዙር። ለውይይት የቀረው ሰዓት ተበላ። ይህ የዝግጅቱ ትልቁ ጉድለት ነው፦ ሰዓት የሚይዝ ሰው የለም። ስምንት ሰዓት ይጀመራል ተብሎ ስምንት ተኩል ከሆነ በኋላ ነው የሚጀመረው። የኮምቦልቻ ሰው መኪና ማግኘት አለበትና እባካችሁ።

በቀረችው ጊዜ ቲቸር የእንግሊዙን ቴኒሰንን አነሱልን። እ.ኤ.አ. በ1854 ስድስት መቶ ያህል ፈረሰኞች በተሳሳተ ትዕዛዝ መድፍ አፍ ውስጥ ገቡ። ገጣሚው የቤተ መንግሥቱ ሹመኛ ባለቅኔ ነበረ፤ ውጊያውን ያነበበው ጋዜጣ ላይ ነው፣ አላየውም። ፈረሰኞቹን አወደሰ። ጥፋቱን ግን «አንድ ሰው ተሳስቷል» በምትል ቁራጭ ሐረግ ብቻ ነካ አድርጎ አለፈ። ነጋዴው ደስ አለው፦ «አያችሁ፣ እነሱም ይፎክራሉ!» እኔ ግን ሌላ ነገር ታየኝ። የእኛ ፎካሪ ቢያንስ ራሱ ሊሞት ነው የሚፎክረው። ጋዜጣ አንብቦ በሰው ሞት የሚፎክር ሌላ ነው። ይህን ስናገር ነጋዴው ዱላውን አስቀመጠ። በነገራችን ላይ ተዋውቀናል፤ አሁን ሲወርድ ይጭነኛል፣ መኪና አለው። ስለዚህ ቅሬታዬን ይቅር ይበለኝ።

አምስተኛው ላይ አይጠየፍን አይተን መጣን። የንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽ ነው፤ ስሙ ማንንም አይጠየፍም፣ ድሃ ሀብታም ሳይል ያበላል ለማለት ነው። ወሎ ላይ ከዚህ የተሻለ ስም ለአዳራሽ የወጣ አይመስለኝም። ንጉሡ ራሳቸው መሐመድ አሊ ይባሉ ነበር፤ ከ1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጋር ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ። በመጨረሻ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ሰገሌ ላይ ተማርከው በግዞት ሞቱ። አብዪው አብልቶ እስረኛ ሆነ። እግራችን ደክሞ ስንመለስ ቲቸር «ስለ ግብር ሁለት ስንኝ ጻፉ፤ ሩብ ሰዓት» አሉን።

እኔ የጻፍኩት አይነበብም። ከመካከላችን ትንሹ ግን፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነው፣ ሁሌ ዝም ያለ፣ እንዲህ ብሎ አነበበ፦

ጌቶች ግብር ጥለው እልፍኝ ቢጠሩን፣
እኛ ስንጠባበቅ እነሱ በሉን።

ሁለት ሰከንድ ፀጥ። ከዚያ ሁሉም «ኧረ!» አለ። ሰሙ ግልጽ ነው፦ ተራ ስንጠብቅ ቀደሙን፣ ቀድመው በሉ። ወርቁ ደግሞ፣ እኛን በሉን። ቲቸር ብርጭቋቸውን አስቀመጡና «ልጄ፣ ‘ግብር’ስ?» አሉት። ልጁ አልገባውም። ግብር ድግስ ነው፤ ግብር ቀረጥም ነው። «ግብር ጥለው» ሁለቱንም ይላል። ልጁ ሳያስበው ሁለተኛ ኅብር አስገብቷል። ፊቱ በራ። እኔ ሂሳብ ሠራተኛ ነኝና ስለ ግብር አስተያየት አለኝ፤ ግን ይለፈኝ።

ከዚያ የተነሳው ወሬ እስካሁን ያመላልሰኛል። ጌታው አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ ይህን ስንኝ ቢሰማ ምን ያደርጋል? ይስቃል። መሳቅ አለበት፤ ካልሳቀ «በሉን» የተባለው እሱ መሆኑን አመነ ማለት ነው። አዝማሪው ጌታውን እያሳቀ ይሰድበዋል፣ ጌታውም እየሳቀ ይሸልመዋል። ሼሊ ንጉሡ ከሞተ ከሦስት ሺህ ዓመት በኋላ ሰደበው። የእኛ ሰው ንጉሡ ሥጋ እየቆረጠ ፊት ለፊቱ ቆሞ ይሰድበዋል። የትኛው ይከብዳል? ነጋዴው «የኛው ነው» አለ፤ ሸማኔው አባት «እንግሊዙ ግን ዝም ብሎ መናገር ችሏል» አሉ። አልተስማማንም።

ስድስተኛው የመንዙማ ቀን ነበር፤ ለኔ ከስምንቱ ሁሉ የበለጠው ነው። ቦሩ ሜዳ ከደሴ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው፤ ወደ ሐይቅ ስንሄድ ሁሌ እናልፈዋለን። እዚያ በተደረገው ጉባኤ የወሎ ሙስሊም እምነቱን እንዲተው ታዘዘ። ሸህ ጦልሃ ጃዕፈር አልተቀበሉም፤ ተቃውመው ተነሱ። ደግሞም ግጥማቸውን በአማርኛ አሉት፣ በዐረብኛ ፊደል ጻፉት። ዓጀም ይባላል። ቋንቋው የቤተ መንግሥቱ ነው፣ ፊደሉ የመስጊዱ ነው። ቲቸር ይህን ሲያስረዱ የተጠቀሙበት ምሳሌ ደስ አለኝ፦ «ደብዳቤውን በንጉሡ ወረቀት ጽፎ በራሱ ማኅተም ማተም።»

ሸዋበር አካባቢ የሚኖሩ አንድ አባት ተጋብዘው ነበር። ድቤ አልያዙም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ እያሳረፉ ብቻ አዜሙልን። ግማሻችን ክርስቲያን፣ ግማሻችን ሙስሊም ነን፤ እኔ ራሴ ሁለቱም ያሉበት ቤት ነው ያደግኩት። ሲጨርሱ ማንም አላጨበጨበም። ማጨብጨብ ነውር መሰለን። እሳቸው ግን «አብሽሩ፣ ሻይ አምጡ» አሉና ከባዱን ነገር አቀለሉት።

ያን ቀን በግጥም ትንቢት ይናገሩ የነበሩት የሸህ ሁሴን ጅብሪልም ነገር ተነሳ። ወሎ ውስጥ ሥልጣን በተለወጠ ቁጥር «ሸህ ሁሴን ብለውት ነበር» የማይል ሰው የለም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይላል። ቲቸር ጠንቀቅ አድርገውናል፦ በቃል የመጣ ስለሆነ የትኛው የሳቸው፣ የትኛው በኋላ የተጨመረ እንደሆነ መለየት ይቸግራል። ለኔ የገባኝ ሌላ ነው። ትንቢት ለገጣሚ ጥሩ መደበቂያ ነው። «ይህ ንጉሥ ክፉ ነው» ካልክ ትታሰራለህ። «ክፉ ንጉሥ ይመጣል» ካልክ ማን ምን ይልሃል? የተጨመረውም ቢሆን የጨመረው ሰው ያንን መደበቂያ ፈልጎ ነው።

ሰባተኛው ላይ ግጥም ልናነብ ስንጀምር መብራት ሄደ። ባለቤቱ ስልኩን ከፍ አድርጎ «ኃይል ተቋረጠ» ሲል ሁላችንም ሳቅን፤ ሰባት ሳምንት ስለ ኃይል ስናወራ ከርመን። በስልክ መብራት የተነበበው የፀጋዬ ገብረ መድኅን ነው፤ ስለ አቡነ ጴጥሮስ የጻፈው። ጳጳሱ የወሎ ነበሩ፤ ጣሊያን ሐምሌ 22 ቀን 1928 አዲስ አበባ ላይ ረሸናቸው። ግጥሙ ረጅም ነው፣ ቃሉ ከባድ ነው፣ ባትሪያችን አልበቃም። ስለዚህ ስለ እሱ ብዙ አልልም፤ ጀነሬተር ግን ያስፈልጋል።

አሁን የያዝኳትን ጥያቄ ላውጣት። ሰባት ሳምንት ወረቀቶቹን ሰብስቤ ስቆጥር የአንዲት ሴት ስም የለም። አንድም! ገጣሚው ሁሉ ወንድ፣ ንጉሡ ሁሉ ወንድ፣ ወታደሩ ሁሉ ወንድ። «የሴቱን አናውቅም» የተባለው በኛም ወረቀት ላይ ተፈጸመ። ለቲቸር ነገርኳቸው። አልተከራከሩኝም። «ልክ ነሽ፤ ያንቺን ይዘሽ ነይ» አሉኝ። ይህ መልስ አስደሰተኝም፣ አናደደኝም። ጉድለቱን የሞላሁት ከፍዬ የገባሁት እኔ ነኝ።

ስምንተኛው ቅዳሜ መጣ። መጀመሪያ ስለ ዊልፍሬድ ኦወን ነበር። አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ሆኖ ስለ ጭቃው፣ ስለ ጋዙ፣ ስለሚያስለው ወታደር የጻፈ ልጅ ነው። ሃያ አምስት ዓመቱ ነበር። የሞተው ጦርነቱ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። ለእናቱ የሞቱ ቴሌግራም የደረሳቸው የሰላሙ ደወል እየተደወለ ባለበት ሰዓት ነው። ይህን ሲናገሩ ቲቸር ከወረቀቱ አላነበቡም፤ መስኮቱን እያዩ ነው። የጦሳ ተራራ በጭጋግ ተሸፍኖ ነበር።

ከዚያ «እንግዲህ፣ 2014» አሉ።

ማንም አላወራም። ግጥም ይዞ የመጣም የለም። ባለቤቱ ብቻ፣ ተመልሶ ሱቁን ሲከፍት መጻሕፍቱ ወለል ላይ እንደነበሩ፣ ስንቱን እንዳደረቀ፣ ስንቱን እንደጣለ ነገረን። የኮምቦልቻዋ ጎረቤቴ ተነስታ ወጣች፤ ቆይታ ተመለሰች፣ ዓይኗ ቀልቷል። ነጋዴው ዱላውን ይዞ አልመጣም። አላዘዘውም ማንም።

የያዝኩትን አወጣሁ። ቅድመ አያቴ የአምባሰል ሰው ነበረች። ባሏ በ1928 ወደ ማይጨው ዘምቶ አልተመለሰም። ጠመንጃውን አብሮት የነበረ ሰው አመጣላት። ያን ቀን ያወረደችው ሙሾ ረጅም ነበር አሉ። ለአያቴ የደረሳት ግን ሁለት ስንኝ ነው፣ ለኔም እሱው፦

ጠመንጃው ተመልሷል ዝናሩም መጥቷል፣
ተሸካሚው ብቻ መንገድ ጠፍቶታል።

አንዱ «ንጉሡን ነው የምትወቅሰው ወይስ ጣሊያንን?» ብሎ ጀመረ። ሸማኔው አባት እጃቸውን ትከሻው ላይ አደረጉ፤ ዝም አለ። ቲቸር ደግሜ እንዳነበው ጠየቁኝ። ደገምኩት። ከዚያ ጎረቤቴ ማውራት ጀመረች። ስለ 2014 የተናገረችውን እዚህ አልጽፍም፤ የሷ ነው። እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ቆየን። የመጨረሻው ሚኒባስ አመለጠን፤ ነጋዴው ነው ያወረደን።

ለምትሄዱ ጥቂት ነገር። ጃኬት ያዙ፤ ቤቱ ምድጃ የለውም። ትራስ ቢጤ ያዙ፤ ሰው ይስቅባችኋል፣ በሁለተኛው ቀን እነሱም ይዘው ይመጣሉ። መጸዳጃ ቤቱ ግቢ ውስጥ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ውሃው ግን በጆግ ነው። ከፈለጋችሁ መጽሐፍ ተከራዩ፤ ለሳምንት 20 ብር ነው፣ መያዣ መታወቂያ። የቲቸር ድምፅ እንዲሰማችሁ ፊት ተቀመጡ። ከአምስት ኮከብ አራት እሰጣለሁ። አንዱን የበላው ዱካው ነው፤ ሰዓት አለማክበሩም ድርሻ አለው።

አዲሱ ዙር ባለፈው ቅዳሜ ጀመረ። እንደገና ተመዝግቤያለሁ። ወረቀቱ ሲታደል የመጀመሪያው ገጽ ላይ የመቅደላዋ ስንኝ አለች፤ ከሥሯ «የአምባሰል ሴት ሙሾ፣ 1928» የሚል ርዕስ። ደስ ብሎኝ ወደ ታች አየሁ። «ጠመንጃው ተመልሷል ዝናሩም መጥቷል» ይላል። ከዚያ በታች ነጭ ነው። ማሽኑ በልቶታል። እስክሪብቶ ለምኜ የአሥራ አራቱንም ሰው ወረቀት ሰበሰብኩና ሁለተኛውን ስንኝ በእጄ ጻፍኩ።